መኪናው ያየውን እግረኛ ለምን ገጨ? የቴምፒው አደጋ ሲመረመር

እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 2018፣ እሁድ ምሽት ለ4 ሰዓት 2 ደቂቃ ጉዳይ ላይ፣ በአሜሪካ አሪዞና ግዛት ቴምፒ ከተማ፣ ሚል አቬኑ በሚባለው ጎዳና የኡበር (በስልክ መተግበሪያ የታክሲ አገልግሎት የሚሰጥ ኩባንያ) ራሱን የሚነዳ የሙከራ መኪና አንዲት የ49 ዓመት ሴት ገጭቶ ገደለ። ሟች ብስክሌቷን በእጇ እየገፋች መንገዱን ከግራ ወደ ቀኝ በማቋረጥ ላይ ነበረች። መኪናው የ2017 ስሪት ቮልቮ ኤክስሲ90 ሲሆን፣ የኡበር የራስ-ነጂ ቴክኖሎጂ ክፍል የራሱን ሴንሰሮችና ኮምፒውተር ገጥሞበታል። በሹፌር ወንበር ላይ የምትቆጣጠር ሠራተኛ ተቀምጣ ነበር፤ መሪውን፣ ነዳጁንና ፍሬኑን ግን ካለፉት 19 ደቂቃዎች ጀምሮ ይዞ የነበረው ሶፍትዌሩ ነው። ራሱን በሚነዳ መኪና ተገጭቶ የሞተ የመጀመሪያ እግረኛ ተብሎ የተመዘገበው ይህ አደጋ ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ጉዳዩን መርምሮ ድምዳሜውን ያሳወቀው በኖቬምበር 2019 ነው። የመኪናው ኮምፒውተር እያንዳንዱን የሰከንድ ክፍልፋይ መዝግቦ ስለነበር፣ ማሽኑ ምን እንዳየ፣ ምን እንደገመተና ምን ሳያደርግ እንደቀረ በቅደም ተከተል ማንበብ ተችሏል። ስለ ራስ-ነጂ መኪኖች ሥነ ምግባር ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ጥያቄ «ፍሬኑ ቢበጠስ አምስት ሰው ይግጭ ወይስ አንድ?» የሚለው ነው። የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ያሳተሙት ታዋቂ ጥናት ከመላው ዓለም 40 ሚሊዮን የሚሆኑ ምላሾችን የሰበሰበው በዚሁ ዓይነት ጥያቄ ነው። ቴምፒ ላይ ግን እንዲህ ያለ ምርጫ ለማንም አልቀረበም። መንገዱ ደረቅ፣ ፍሬኑ ጤነኛ፣ ከፊት ያለው ሰው አንድ ብቻ ነበር። የሰው ሕይወት ሚዛን ላይ የወጣው ከዚያ ምሽት በፊት ነው፤ የሶፍትዌሩ ገደቦች በቁጥር ሲሞሉ፣ የሥራ ፈረቃ ሲከፋፈልና የግዛቱ መመሪያ ሲጻፍ። ውሳኔዎቹ እዚያ ስለተወሰኑ፣ ተጠያቂነቱም መፈለግ የነበረበት እዚያ ነው።

የመጨረሻዎቹ 5.6 ሰከንዶች

የመንገዱ የፍጥነት ወሰን በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ነበር፤ መኪናውም የሚሄደው በዚያው ገደማ፣ በሰከንድ 20 ሜትር ያህል እየበላ ነው። ጣሪያው ላይ የሚሽከረከር ላይዳር (በሌዘር ብርሃን ርቀት የሚለካ መሣሪያ)፣ ዙሪያውን ደግሞ ራዳሮችና ካሜራዎች ተገጥመውለታል። ጨለማ ለላይዳርና ለራዳር እንቅፋት አይሆንም፤ ሁለቱም የራሳቸውን ጨረር ልከው የሚመለሰውን ያነባሉ።

ግጭቱ ሊደርስ 5.6 ሰከንድ ሲቀረው፣ ማለትም ከ110 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ ራዳሩ ሴትዮዋን አገኛት። ሶፍትዌሩ «ተሽከርካሪ» ብሎ መዘገባት። 5.2 ሰከንድ ሲቀር ላይዳሩ አያት፤ አሁን «ሌላ ነገር» ተባለች፣ የቆመም ተደርጋ ተወሰደች። 4.2 ላይ እንደገና «ተሽከርካሪ» ሆነች። ከዚያ በኋላ ምደባው በ«ተሽከርካሪ» እና በ«ሌላ ነገር» መካከል ሲዋልል ቆየ። 2.6 ሰከንድ ሲቀር «ብስክሌት» ተባለች። 1.5 ላይ ተመልሳ «ሌላ ነገር»፤ በዚህ ጊዜ በከፊል መኪናው በሚሄድበት ረድፍ ውስጥ ገብታለች፣ ሶፍትዌሩም በቀኝ በኩል ዞሯት ለማለፍ አቀደ። 1.2 ሰከንድ ሲቀር ዳግም «ብስክሌት» ሆነች፤ አሁን ሙሉ በሙሉ መንገዱ ላይ ናት፣ ዞሮ ማለፍም አይቻልም።

ስለዚህ መኪናው አላየም ማለት አይቻልም። አይቷል፣ ደጋግሞም አይቷል። ችግሩ ያየውን የሚተረጉምበት መንገድ ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ሦስት የንድፍ ውሳኔዎች ተደራርበዋል።

አንደኛው፣ ምደባው በተቀየረ ቁጥር ሶፍትዌሩ የዚያን ነገር የቀድሞ እንቅስቃሴ ታሪክ መጣሉ ነው። አንድ ነገር ወዴት እንደሚሄድ ለመተንበይ ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ሴትዮዋ ከግራ ወደ ቀኝ ያለማቋረጥ እየተራመደች ሳለ፣ ስሟ በተለወጠ ቁጥር ለኮምፒውተሩ አሁን ገና እንደታየች አዲስ ነገር ትቆጠር ነበር። ሁለተኛው፣ የየምድቡ ግምት ነው። «ተሽከርካሪ» እና «ብስክሌት» ረድፋቸውን ይዘው ወደፊት ይሄዳሉ ተብሎ ይገመታል፤ ታሪክ የሌለው «ሌላ ነገር» ደግሞ ቆሟል ይባላል። ከእነዚህ ግምቶች አንዱም መንገድ የሚያቋርጥን ሰው አይገልጽም። ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከብደው፣ ሶፍትዌሩ ከእግረኛ ማቋረጫ ውጭ የሚሻገር ሰው ይኖራል ብሎ እንዲያስብ ተደርጎ አለመሠራቱ ነው። እስከ መጨረሻው ቅጽበት ድረስ «እግረኛ» የሚለው ምድብ አልተሰጣትም።

ስሌቱን በወረቀት ላይ ማየት ይጠቅማል። ሶፍትዌሩ እንዲይዝ የተፈቀደለት ከፍተኛ የፍሬን ኃይል በሰከንድ ካሬ 7 ሜትር፣ ማለትም በየሰከንዱ ፍጥነቱን በሰከንድ 7 ሜትር የሚቀንስ ነበር። በዚያ ኃይል፣ በዚያ ፍጥነት የሚሄድ መኪና ለመቆም 28 ሜትር ያህል ይበቃዋል። «ብስክሌት» ብሎ በመዘገባት ጊዜ፣ 2.6 ሰከንድ ሲቀር፣ በመካከላቸው 50 ሜትር ገደማ ነበር። ያኔ «ይህ ነገር እያቋረጠ ነው» ብሎ ቢይዝ ትርፍ ርቀት ተርፎት ይቆም ነበር።

አንዷ ሰከንድ

1.2 ሰከንድ ሲቀር ሶፍትዌሩ አደጋ መኖሩን ተረዳ፤ ግን ፍሬን አልያዘም። የኡበር መሐንዲሶች ድንገተኛ አደጋ በታየ ጊዜ ለ1 ሰከንድ ምንም እርምጃ እንዳይወሰድ የሚያደርግ ማገጃ አስገብተውበት ነበር። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይረዳዋል። ሴንሰሮች በሐሰት ይደነግጣሉ። ነፋስ ያነሳው ፌስታል፣ ከመንገድ ሥር የሚወጣ እንፋሎት፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ጥላ እንደ እንቅፋት ሊነበብ ይችላል። መኪናው በየደቂቃው ዘግናኝ ፍሬን ቢይዝ የተሳፈረው ይጎዳል፣ ከኋላ የሚመጣውም ይገጨዋል። እናም በዚያች ሰከንድ ውስጥ ኮምፒውተሩ አደጋው እውነት መሆኑን ያጣራል፣ የተቀመጠችው ሠራተኛም መሪውን ትረከባለች ተብሎ ታሰበ።

ነገር ግን ሰከንዷ ስትጀምር ለሠራተኛዋ የሚደርስ ምንም ድምፅ አልነበረም። ማሽኑ «አንቺ ያዢው» ብሎ ኃላፊነቱን ሲያስተላልፍ፣ ማስተላለፉን አልነገራትም። ማስጠንቀቂያው የተሰማው ማገጃው ሲያበቃ፣ 0.2 ሰከንድ ሲቀር ነው። በ0.2 ሰከንድ ውስጥ ማንም ሰው ግጭቱን ሊያስቀር አይችልም።

ከዚህ የባሰው ቀጥሎ ያለው ደንብ ነው። ማገጃው ካበቃ በኋላም ቢሆን፣ ግጭቱ በተፈቀደው የፍሬን ኃይል ሙሉ በሙሉ የማይቀር ከሆነ፣ ሶፍትዌሩ ሙሉ ፍሬን አይዝም፤ ቀስ በቀስ ብቻ ፍጥነት ይቀንሳል። ማለትም «ማዳን ካልቻልክ ጉዳቱን አትቀንስ» የሚል ውጤት ያለው መመሪያ ነው። 1.2 ሰከንድ ሲቀር 23 ሜትር ገደማ ነበር፤ ለመቆም አይበቃም። ሆኖም ፍሬኑ እስኪነክስ የሚወስደውን ጊዜ ሳንቆጥር፣ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ሙሉ ፍሬን ቢያዝ ኖሮ መኪናው የሚደርስባት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆን ነበር። የደረሰባት በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ነው። በእነዚህ ሁለት ፍጥነቶች መካከል ያለው ልዩነት ለእግረኛ ብዙውን ጊዜ የመትረፍና የመሞት ልዩነት ነው። ይህን ደንብ ያወጣ ሰው ክፉ ነበር ለማለት ምክንያት የለም። የተሳፋሪ ምቾትና የሐሰት ደወል ብዛት በስብሰባ ላይ የሚለኩ፣ የሚቀርቡ፣ የሚያስመሰግኑ ነገሮች ናቸው፤ መንገድ ዳር የቆመው ሰው ግን በዚያ ስብሰባ ላይ ወኪል የለውም።

የተዘጋው ፍሬን

ቮልቮው ከፋብሪካ ሲወጣ የራሱ ራስ-ሰር የአደጋ ጊዜ ፍሬን ነበረው። የኡበር ሥርዓት ሲበራ ግን ይህ ፍሬን እንዲጠፋ ተደርጎ ነበር። የተሰጠው ምክንያት ቴክኒካዊ ነው፦ የሁለቱ ድርጅቶች ራዳሮች በተመሳሳይ ድግግሞሽ ስለሚሠሩ አንዱ የሌላውን ምልክት እንዳያዛባ፣ እንዲሁም የፍሬን ክፍሉ ሁለት አዛዥ ሲኖረው የማንን ትእዛዝ እንደሚያስቀድም የሚወስንበት መንገድ ስላልነበረው።

ቮልቮ በኋላ አደጋውን በኮምፒውተር 20 ጊዜ፣ የእግረኛዋን አካሄድ እየለዋወጠ ደግሞ አስመስሎታል። በ17ቱ መኪናው ጭራሽ አልገጨም፤ በቀሩት 3ቱ የግጭቱ ፍጥነት በሰዓት ከ16 ኪሎ ሜትር በታች ወርዷል። አዲስ ሥርዓት ሲተከል የድሮውን መከላከያ ማንሳት የተለመደ የምህንድስና ውሳኔ ነው። የሚጠየቀው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ በተነሳው ቦታ ምን ተተካ? እዚህ ላይ የተተካችው ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ሰው ናት።

ወንበሩ ላይ ያለችው ሰው

ኡበር መጀመሪያ በእያንዳንዱ የሙከራ መኪና ሁለት ሠራተኞች ያሰማራ ነበር። አንደኛው መንገዱን ይከታተላል፤ ሌላኛው የሥርዓቱን መልእክቶች እያነበበ በታብሌት ይመዘግባል። በ2017 መጸው ላይ ሁለተኛው ሰው ተነሳ፤ ሁለቱም ሥራ ለአንዷ ተሰጠ።

ያን ምሽት የነበረችው ሠራተኛ ስልኳ ላይ የቴሌቪዥን ዝግጅት ከፍታ ነበር። የኩባንያው ደንብ ይህን ይከለክላል። የፖሊስ ምርመራ እንደሚያሳየው በ22 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ዓይኗ ከመንገዱ የተነሳበት ጊዜ ሲደመር ወደ 7 ደቂቃ ይጠጋል። ቀና ብላ መንገዱን ያየችው ግጭቱ 1 ሰከንድ ሲቀረው ነው፤ መሪውን የያዘችው ከግጭቱ 0.02 ሰከንድ በፊት፣ ፍሬኑን የረገጠችው ደግሞ ከግጭቱ በኋላ ነው። ፖሊስ አደጋው ሙሉ በሙሉ ሊቀር ይችል እንደነበር፣ መንገዱን የምትከታተል ቢሆን ኖሮ 13 ሜትር ያህል ሲቀር ልትቆም ትችል እንደነበር ደምድሟል። ጥፋቷ እውነት ነው፤ ማድበስበስ አያስፈልግም።

ነገር ግን ጥፋቷ የሚጠበቅ ጥፋት ነበር። ሰው እየሠራ ያለን ማሽን ለረጅም ሰዓት ዝም ብሎ ሲጠብቅ ትኩረቱ እንደሚዝል ከአውሮፕላን አብራሪዎችና ከኒውክሌር ማመንጫ ተቆጣጣሪዎች ሥራ አሥርት ዓመታት ያስቆጠረ እውቀት አለ። ማሽኑ በተሻለ ቁጥር ድካሙ ይብሳል፤ ምክንያቱም ጣልቃ የሚገባበት አጋጣሚ ይመነምናል። አንድ ሰው ብቻውን፣ በሌሊት፣ ደጋግሞ በሚያውቀው መስመር ላይ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ነቅቶ እንዲጠብቅ መመደብ ትኩረቱን አስቀድሞ መስረቅ ነው። መኪናው ውስጥ ወደ ሹፌሯ የዞረ ካሜራ ነበር፤ ቀረጻውን በመደበኛነት የሚያይ ግን አልነበረም። ክፍሉ የተለየ የደህንነት ኃላፊም ሆነ በወጉ የተጻፈ የደህንነት ዕቅድ አልነበረውም። ቦርዱ ዋና መንስኤ ብሎ ያስቀመጠው የሠራተኛዋን በስልክ መዘናጋት ቢሆንም፣ አስተዋጽኦ ካደረጉት መካከል የኡበርን ደካማ የአደጋ ሥጋት ግምገማ፣ የሠራተኞች ክትትል ጉድለትና የደህንነት ባህል ደካማነት በስም ጠርቷል። የእግረኛዋን ከማቋረጫ ውጭ መሻገርና የአሪዞና የትራንስፖርት መሥሪያ ቤትን የላላ ቁጥጥርም ጨምሯል።

መጀመሪያ የተወቀሰችው ሟች ነበረች

አደጋው በደረሰ በቀናት ውስጥ ፖሊስ የመኪናውን የፊት ካሜራ ቀረጻ ለሕዝብ ለቀቀ። በቀረጻው ሴትዮዋ ከድቅድቅ ጨለማ ድንገት ብቅ ስትል ትታያለች። የከተማዋ ፖሊስ አዛዥም ማንም ቢነዳ ለማስቀረት አዳጋች እንደነበር የሚያመለክት አስተያየት ሰጡ። ብዙ ሰው ጉዳዩ እዚያው ያለቀ መስሎት ነበር። የዚያ ዓይነት ካሜራ ግን የሰው ዓይን በጨለማ የሚያየውን ያህል አያይም፤ መንገዱም መብራት ነበረው። ከላይ እንዳየነው ላይዳሩና ራዳሩ ከዚያ ብዙ ቀድመው አግኝተዋት ነበር። ኩባንያውም ሆነ ባለሥልጣን ከአደጋ ማግስት የሚያሳየው ምስል ምን እንደታየ ይናገር ይሆናል፤ ማሽኑ ያወቀውን ግን የሚናገረው የኮምፒውተሩ መዝገብ ነው። መዝገቡ በገለልተኛ አካል እጅ እስኪገባ ድረስ ፍርድ መስጠት አይገባም።

ሟች ያቋረጠችበት ቦታ ማቋረጫ አልነበረም፤ መሻገር የሚከለክል ምልክትም ቆሟል። በአቅራቢያው ያለው ማቋረጫ 110 ሜትር ያህል ይርቃል። ነገር ግን በመንገዱ አካፋይ ላይ በጡብ የተነጠፈ፣ እንደ መስቀል የተሠራ የሚያምር የእግር መንገድ ነበር፤ እግርን የሚጋብዝ ንጣፍና «አትሻገር» የሚል ምልክት አንድ ቦታ ላይ። በደሟ ውስጥ አደንዛዥ ዕፅ መገኘቱም ተዘግቧል። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፣ የሰውን ሕይወት ዋጋ አይቀንስም። በየትኛውም ከተማ ሰዎች ከማቋረጫ ውጭ ይሻገራሉ፤ ሕፃናት፣ ሰካራሞች፣ የቸኮሉ፣ ማቋረጫ ያልተሠራላቸው ሰፈሮች ነዋሪዎች። ሕግ አክባሪ እግረኛን ብቻ የሚያውቅ ሶፍትዌር መንገድ ላይ ሲወጣ፣ የስህተቱን ዋጋ የሚከፍሉት መኪና የሌላቸው ናቸው።

የግዛቱ ድርሻ

በዲሴምበር 2016 ካሊፎርኒያ የሙከራ ፈቃድ አላወጣችሁም ብላ የኡበርን 16 መኪናዎች ምዝገባ ስትሰርዝ፣ አሪዞና በሯን ከፍታ ተቀበለቻቸው። አገረ ገዢው ዳግ ዱሲ በ2015 ባወጡት ትእዛዝ ግዛቱ ለሙከራ ክፍት መሆኑን አውጀው ነበር፤ ኩባንያዎች የደህንነት ዕቅዳቸውን አቅርበው እንዲያስገመግሙ የሚጠይቅ አሠራር ግን አልነበረም። በፌዴራል ደረጃም የደህንነት ራስ-ግምገማ ሪፖርት ማቅረብ በፈቃደኝነት ነበር፤ ኡበር ከአደጋው በፊት አላቀረበም። የቴምፒ ነዋሪዎች የአንድ ሙከራ ተሳታፊ ሆነዋል፤ ፈቃዳቸውን የጠየቀ የለም። የመድኃኒት ሙከራ ያለ ተሳታፊው ፈቃድ ወንጀል በሚሆንበት ዘመን፣ የጎዳና ሙከራ በአንድ ሰው ፊርማ መጀመሩ አሳሳቢ ነው። ከአደጋው በኋላ በማርች 26 አገረ ገዢው የኡበርን ሙከራ አገዱ።

ሒሳቡን ማን ከፈለ?

ኡበር ከሟች ቤተሰብ ጋር በሳምንት ተኩል ገደማ ውስጥ ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማማ፤ መጠኑ ይፋ አልሆነም። በማርች 2019 የአሪዞናው ያቫፓይ ካውንቲ ዐቃቤ ሕግ በኩባንያው ላይ የወንጀል ክስ የሚመሠረትበት ምክንያት የለም አለ። በ2020 ግን ሠራተኛዋ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከሰሰች። በጁላይ 2023 ሌላውን ሰው ለአደጋ በማጋለጥ ጥፋተኛ መሆኗን አምና፣ የ3 ዓመት የክትትል ገደብ ተፈረደባት።

ተመራማሪዋ ማደሊን ክሌር ኢሊሽ ይህን የመሰለውን ሁኔታ ቀደም ብላ ገልጻው ነበር፦ የተወሳሰበ ሥርዓት ሲወድቅ ወቀሳው ጥቂት ሥልጣን ወደነበረው ሰው ይንሸራተታል፤ የመኪና የፊት አካል ግጭትን ውጦ ውስጡን እንደሚያድን፣ ያ ሰው ጥፋቱን ውጦ ሥርዓቱን ያድናል። የአንዷን ሰከንድ ማገጃ ያጸደቀ፣ የቮልቮን ፍሬን ያዘጋ፣ ሁለተኛውን ሠራተኛ ያነሳ ሰው በወንጀል አልተጠየቀም። ፍትሕ ጎድሏል ብሎ መናገር ሠራተኛዋን ነጻ ማድረግ አይደለም።

ኡበር ከአደጋው በኋላ ማገጃዋን አስወገደ፤ መግጨት ባይቀርም ጉዳት ለመቀነስ ፍሬን እንዲያዝ አደረገ፤ ምደባ ሲቀየር የእንቅስቃሴ ታሪክ እንዳይጠፋ አስተካከለ፤ የቮልቮ ፍሬን አብሮ እንዲሠራ ፈቀደ። በዲሴምበር 2018 ፒትስበርግ ውስጥ ሙከራውን ሲቀጥል በመኪናው ሁለት ሠራተኞች ነበሩ። ሁሉም አስቀድሞ ሊደረግ የሚችል ነበር። የኡበር የራስ-ነጂ ክፍል በ2020 መጨረሻ ኦሮራ ለተባለ ሌላ የራስ-ነጂ ቴክኖሎጂ ኩባንያ ተሸጠ።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ጥቂት ተራምዷል። ከ2021 ጀምሮ የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ራስ-ነጂ መኪና የገባበትን ግጭት ኩባንያዎች እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ጀርመን የሥነ ምግባር ኮሚሽኗን 20 ደንቦች በ2017 አውጥታለች፤ የሰው ሕይወት ከንብረትና ከእንስሳ እንዲቀድም፣ ሰዎችም በዕድሜ፣ በፆታ ወይም በአካል ሁኔታ እንዳይለዩ ይላሉ። የብሪታንያ የ2024 ሕግ ደግሞ መኪናው ራሱን በሚነዳበት ጊዜ ለአነዳዱ የሚጠየቀው ተሳፋሪው ሳይሆን ፈቃድ ያገኘው ድርጅት እንዲሆን አድርጓል። ቴምፒ ላይ የጎደለው በትክክል ይህ የመጨረሻው ነው።

አንድ ከተማ እንዲህ ያለ ሙከራ ከመፍቀዱ በፊት በጽሑፍ ሊቀበላቸው የሚገቡ መልሶች አሉ። ሶፍትዌሩ ከማቋረጫ ውጭ ያለን እግረኛ፣ ዕቃ የሚገፋን፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለን ሰው እንዴት ይመድባል? ምደባው ሲለዋወጥ ትንበያው ምን ይሆናል? አደጋ ታይቶ ፍሬን እስኪያዝ ስንት ሰከንድ ያልፋል፣ ያንን ቁጥርስ ማን ፈረመበት? ከፋብሪካው መከላከያዎች የትኞቹ ጠፍተዋል፣ በምን ተተኩ? ተቆጣጣሪው ስንት ሰዓት ይቀመጣል፣ የካሜራ ቀረጻውን በየስንት ጊዜው ማን ያያል? አደጋ ቢደርስ መዝገቡ በስንት ሰዓት ውስጥ ለማን ይተላለፋል? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ከሌለ የቀሩት መልሶች ሊረጋገጡ አይችሉም፤ ስለዚህ ፈቃጁ መሥሪያ ቤት መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እሱን ነው።